ስለ ሸሚዝዎ እጅጌ እና ስለ እህቴ እጅ

ለክቡር የነጻ ግልግል ዳኛ፣
ዛሬ በእንግድነት በተቀመጡበት ድርጅት ግቢ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን አሉ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ በየቦታቸው እንዳሉ፣ ጠዋት ጠዋት የሸሚዝዎን ቁልፍ ያለማንም እርዳታ እንደሚቆልፉ፣ ብርጭቆዎን በቀኝዎ ይዘው ጋዜጣዎን በግራዎ እንደሚገልጡ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እህቴም ደህና ናት፤ ቁልፍ ያለውን ልብስ ግን እርግፍ አድርጋ ትታ፣ በአንገት የሚጠለቀውን ብቻ ትለብሳለች።

ምናልባት አያስታውሱኝም። ጉባኤው በተደረገበት ቀን ከበሩ አጠገብ ቆሜ የነበርኩት ሰው ነኝ፤ የቆምኩትም ለአክብሮት ሳይሆን ወንበር ስላልነበረ ነው። ለሆቴሎችና ለሆስፒታሎች አንሶላ በሚያጥበው ላውንደሪ ውስጥ የእድፍ ማስለቀቂያው ጠረጴዛ የእኔ ነው። የሰው ልጅ አንሶላ ላይ የሚያፈሰውን ነገር ሁሉ አይቻለሁና በቀላሉ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም፤ እርስዎ ግን አስደንግጠውኛል፣ ለዚህም አድናቆቴ ይድረስዎ።

እህቴን ግን አይረሷትም። በፊትዎ አንሶላ ያጠፈችው ሴት ናት። ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ባጭሩ ብደግመው እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

እህቴ፣ ታላቄ ስለሆነች እትዬ የምላት፣ እዚያው ቤት በመተኮሻው ማሽን ላይ ትሠራ ነበር። ማሽኑ የጋለ የብረት ጠረጴዛ ነው፤ በላዩ ሌላ የጋለ ብረት ይከደንበታል፤ የተጨማደደ አንሶላ ይገባል፣ የተስተካከለ ይወጣል። ክዳኑ ሲወርድ የሰው እጅ እንዳያገኝ ከፊቱ የሚታሰር ብረት አለው፤ እኛ አጥሩ እንለዋለን። ክንድ ሲነካው ክዳኑ ራሱ ተመልሶ ይነሳል። ይህ አጥር አንሶላ እየያዘ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከተፈታ ዘመን አልፎታል፤ ከቦይለሩ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፣ እኛም የምሳ ፌስታላችንን እንሰቅልበት ነበር። አንድ ቀን ክዳኑ ወረደ፤ የእትዬ ቀኝ እጅ ከሥሩ ነበር። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ እየበላ የሚያነብ ሰው ሊኖር ይችላል። ቁስሏ ሳይጠግግ፣ ሆስፒታል ውስጥ እኛው ባጠብነው አንሶላ ላይ ተኝታ ሳለች፣ በቸልተኝነቷ ምክንያት ከሥራ መሰናበቷ ተነገራት።

እትዬ ገንዘብ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አጥሩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ሁለተኛው የመጣውን ልብስ በምንለይበት ጠረጴዛ ላይ እንድትመደብ ነው፤ ነጩን ወደ ነጭ፣ ቀለማሙን ወደ ቀለማም መወርወር ነው ሥራው፤ ለመወርወር ደግሞ አንድ እጅ ይበቃል። ፍርድ ቤት ብንሄድ ውሳኔውን የሚሰሙት ልጆቻችን እንደሚሆኑ ተመከርን። ሥራ ብናቆም ሕገ ወጥ እንደምንሆን ተመከርን። ከዚያ አንድ የሠለጠኑ ሰው መጥተው በምግብ አዳራሻችን ውስጥ ስለ ነጻ ግልግል አስተማሩን፤ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ገለልተኛ ነው፣ የመጨረሻ ነው አሉን፣ ይግባኝ የሚባል ውጣ ውረድ የለውም አሉን። አጨበጨብን። እትዬ በግራ እጇ ጠረጴዛውን እየመታች አጨበጨበች። ከአራቱ ተስፋዎች ሦስቱ አንድ ሳይጎድል ስለተፈጸሙልን ምስጋናዬን በቁጥር ለማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ነጻነትዎ አመሰግናለሁ። መሥሪያ ቤትዎ መሰብሰቢያ አዳራሽ እንደሌለው፣ ያለችውም አንዲት መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ ሣር እንደበቀለባት እናውቃለን፤ አገር ድሃ ነው፣ በድህነት ደግሞ አይሳቅም። ስለዚህ ጉባኤው በከሳሽ ሳይሆን በተከሳሽ እንግዳ መቀበያ ክፍል መደረጉ፣ እርስዎም በሥራ አስኪያጁ መኪና የኋላ ወንበር መምጣትዎ ቅር ሊያሰኘን አይገባም ነበር። እርስዎ ግን ሚዛን የሚወዱ ሰው ነዎትና ነገሩ እንደማያምር ወዲያው ገባዎት፤ ከመኪናው ወርደው ሠራተኛውም በበኩሉ አንድ ነገር ቢያቀርብ መልካም እንደሚሆን ተናገሩ። የማኅበራችን ተወካይ ሮጦ ጥላ አመጣና ከመኪናው በር እስከ ክፍሉ በር ድረስ ያዘልዎ። በዚህም ሁለቱም ወገኖች ለዳኛው መጓጓዣ እኩል ማቅረባቸው ተረጋገጠ። ዝናብ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ እኩልነት አመሰግናለሁ። ጠረጴዛዎን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ እያሉ ከሁለታችንም እኩል እስኪርቅ ድረስ ያስገፉበትን ትጋት መቼም አልረሳውም። የተቀመጥንበትን ነገር ማየት የቀረዎት በሥራ ብዛት ይሆናል። ሥራ አስኪያጁና ጠበቃቸው ሶፋ ላይ ነበሩ፤ እትዬና ተወካያችን ከመተኮሻ ክፍል በመጡ ዱካዎች ላይ ነበሩ። ለእነሱ ቀና ብለው ሲናገሩ ለእኛ አንገትዎን መድፋት ነበረብዎ፤ አንገትዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ሥራ አስኪያጁን እርስዎ፣ እህቴን ደግሞ አንቺ ማለትዎንም የወሰድኩት ለእሷ ቅርበት ስለተሰማዎት ነው ብዬ ነው።

ከዚያም ሁለቱም ወገኖች የደረሰባቸውን እንዲናገሩ እኩል ጊዜ ሰጡ። እትዬ ክንዷን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ንግግሯ በዚህ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ የተሰጣቸውን ጊዜ ሁሉ ተጠቅመው፣ ከአደጋው ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው እንደማይዞር፣ የምግብ ፍላጎታቸውም እንደጠፋ በተሰበረ ድምፅ አስረዱ። እርስዎም ለጸሐፊዋ በሁለቱም ወገኖች ላይ ጉዳት መድረሱን አጻፉ። እንቅልፍ፣ ክቡር ሆይ፣ ሰው ጋደም ካለ ይመለሳል። የእጇን መመለስ ግን ገና እጠብቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። ስለ ምሳው ነበር። ረቂቁን ያሳየሁት ወዳጄ ስም ማጥፋት ያሰኝብሃል ስላለኝ ሰርዤዋለሁ፤ የበሉትን እርስዎ ያውቁታል።

አራተኛ፣ በአካል ተገኝተው ስላዩልን አመሰግናለሁ። ብዙ ዳኛ ከወንበሩ ሳይነሳ ይወስናል ይባላል። እርስዎ ግን ማሽኑን ካላየሁ ብለው ወደ መተኮሻ ክፍል ወረዱ። እኛ ጠዋት ስንገባ ያየነውን ግን አላዩም፤ የምሳ ፌስታሎቻችን መሬት ላይ ተደርድረው ነበር። የተሰቀሉበት ብረት ማሽኑ ፊት ታስሮ፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ መስሎ ቆሟል። ሙሽሪት የምንላት፣ ማጠፊያው ክፍል የምትሠራ ባልደረባችን፣ ገና ሳምንቷን ሳትጨርስ ከጫጉላ ወደ ሥራ ስለተመለሰች ይህ ስም የወጣላት፣ ፌስታሏን ከመሬት እያነሳች "ምነው፣ መስቀያችንን ሹመት ሰጡት እንዴ?" ብላ አስቃን ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

እርስዎ ገቡ፤ ማሽኑን ዞሩት፤ ክንድዎን አጥሩ ላይ ደገፍ አድርገው ወደ ውስጥ አጎነበሱ። ቀና ሲሉ በነጭ ሸሚዝዎ እጅጌ ላይ ከክርንዎ እስከ እጅ አንጓዎ የሚደርስ አረንጓዴ መስመር ወጥቶበታል። የቤቱ ሰው ሁሉ አየ። ጠበቃው አየና የጣሪያውን ንጣፍ መመርመር ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አዩና ሳል ያዛቸው። ተወካያችን አየና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። እርጥብ ቀለም ያለበት ብረት ከአደጋው በፊት ጀምሮ እዚያ እንዳልነበረ ለመገመት ማንም መሆን ይበቃል፤ የቤታችን ድመት እንኳ ብትሆን እግሯን አንስታ ታልፈው ነበር።

ከሁሉ ፈጥና ወደ እርስዎ የሄደችው ግን እትዬ ናት። ክሷን ረስታ፣ ሙያዋ ቀድሟት፣ በግራ እጇ ጨርቅ ይዛ መጣች፣ ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ እጇን መለሰች። "እንዳያሹት ጌታዬ፣ ይብስበታል። ሳይደርቅ ቶሎ ይላኩት" አለችዎ። ማስረጃዋን ከእጅጌዎ ላይ ለማዳን ሳይሆን እጅጌዎን ከማስረጃዋ ለማዳን ነበር የተጨነቀችው፣ እርስዎም ጭንቅላትዎን ነቅንቀው ምክሯን ተቀበሉ። ከተናገረችው ሁሉ የተቀበሉላት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙን በነጻ አሳጥበው እንደሚመልሱልዎ ቃል ገቡ፤ ለጊዜውም የሚለብሱት የሥራ ጋዋን አስመጡ፤ በደረቱ ላይ የድርጅቱ ስም በሰማያዊ ክር ተጠልፎበታል። ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው ለብሰውት ወጡ። ልክዎ ነበር። ወደ እንግዳ መቀበያው ተመልሰው የቀረውን ጉባኤ የመሩት፣ ውሳኔውንም ያነበቡት በዚሁ ጋዋን ነው። ስለ ነጻ ግልግል ያስተማሩን ሰው ገለልተኛ ዳኛ በምን እንደሚለይ ሳይነግሩን ሄደው ነበር፤ አሁን ደረቱን ማንበብ እንደሆነ ገብቶናል።

አምስተኛውን ምስጋና መጻፍ ይከብደኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ፣ የምጽፍበት እጅ አለኝና።

ጠበቃው እህቴ ተመልሳ ብትመጣ ለሥራው ብቁ መሆኗን በተግባር ታሳይ አለ። እርስዎም ተገቢ ጥያቄ ነው አሉ። እትዬ የጠየቀችው የመለየት ሥራ እንጂ የማጠፍ ሥራ እንዳልሆነ ተወካያችን ሊያስረዳ ተነሳ፤ ይህ ሰው ድምፁ ከራሱ አፍንጫ ስለማያልፍ ማይክራፎኑ ብለን የምንጠራው ነው፣ እርስዎም አልሰሙትም። አንድ አንሶላ መጣ፤ ለሁለት ሰው አልጋ የሚሆነው ትልቁ።

በቤታችን አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይይዛል፣ ይወጥራል፣ ይጠጋጋል፣ ይቀባበላል፣ ዝቅ ብሎ የታጠፈውን ያነሳል፣ እንደገና ይወጥራል። የሰፈር ወሬ እንኳ የምንለዋወጠው ስንጠጋጋ ነው፤ ለዚህም ነው የአንዷ ወሬ በሦስት አንሶላ ተከፋፍሎ የሚደርሰን። ሁለት ጤነኛ እጅ ያለው ጎበዝም ቢሆን ብቻውን እጠፍ ቢባል አንሶላው እንደ ድንኳን ያለብሰዋል። እርስዎ ይህንን አልጠየቁም፤ ማንም ሊነግርዎ ሲሞክርም ጊዜው ሄደ አሉ።

እትዬ አንዱን ጫፍ አገጯ ሥር ያዘች፤ ሌላውን በግራ እጇ፤ ሦስተኛውን በጉልበቶቿ መካከል። አራተኛው ጫፍ ወለሉን ጠረገ። ሁለት ጊዜ አመለጣት፣ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ጸሐፊዋ ያለማቋረጥ ትጽፍ ነበር፤ ምን ትጽፍ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ሙሽሪት አላስቻላትም፤ ከበሩ አጠገብ ከእኔ ጎን ተነጥላ ሄዳ አራተኛውን ጫፍ ያዘችላት። እርስዎም እጅዎን አንስተው "ተይ፣ እርዳታ ማስረጃውን ያበላሸዋል" አሏት። እርጥብ ቀለም ያላበላሸውን ማስረጃ የሙሽሪት ሁለት ጣት ሊያበላሸው ነበር። ለቀቀችው፤ ተመልሳ ከጎኔ ቆመች፤ አልቅሳለች።

በመጨረሻ እትዬ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጥታ ጠረጴዛዎ ላይ አኖረች። እርስዎም እንደ ደግ ሰው፣ ከልማድ፣ "እጅሽ ይባረክ" አሏት። የትኛው እንደሆነ አልገለጹም።

ስድስተኛ፣ ስለ ሕግ እውቀትዎ አመሰግናለሁ። ውሳኔ ሊያነቡ ሲሉ ማይክራፎኑ ተነሳ፤ በዚያች ቀን ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ውጭ ያሉት ሹፌሮች ሳይቀሩ ሰምተውታል። "ክቡር ዳኛ፣ እጅጌዎ ላይ የነበረው ቀለም ከምን ላይ የመጣ ነው? እሱኑ ብቻ ይንገሩን" አለ። እርስዎም ሳይቆጡ፣ ለተማሪ በሚያስረዳ መምህር ትዕግሥት፣ ዳኛ በያዘው ጉዳይ ላይ ምስክር ሊሆን እንደማይችል፣ እጅጌው የዳኛ በመሆኑም በእጅጌው ላይ ስላለው ነገር ቃል ሊሰጥ እንደማይገባው አስረዱ። ሸሚዙ ይቅረብ ሲልዎ፣ ሸሚዙ ለእጥበት የተሰጠ የግል ንብረት እንጂ የመዝገቡ አካል እንዳልሆነ ወሰኑ። ከዚያ ውሳኔውን ከፈቱና አጥሩ በቦታው መኖሩን በዓይንዎ ማየትዎን አነበቡ። እጅጌዎ ምስክር መሆን ተከልክሎ ዓይንዎ ግን የተፈቀደለት በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጊዜ ሲኖርዎት ቢያስተምሩኝ ውለታዎን አልረሳም። ያ ዓይን አጥሩን ሲያይ ቀለሙን አለማየቱ ደግሞ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነውና በወንድምነት እመክርዎታለሁ።

ውሳኔው ራሱ የሚዛን ድንቅ ነው። አጥሩ ስለነበረ እጇን አሳልፋ የከተተችው እሷ ናት፤ በሌላ በኩል ማሽኑም ትኩስ መሆኑ አይካድም፤ ስለዚህ ሴትየዋና ማሽኑ ጥፋቱን እኩል ይካፈላሉ። ማሽኑ ለወደፊቱ እንዲጠነቀቅ በአሠሪው በኩል ምክር ይሰጠው። ሴትየዋን በተመለከተ ስንብቱ ይጽና፤ ሆኖም ቸልተኝነት የሚለው ቃል የጋራ ቸልተኝነት በሚል ይስተካከል። ከሁለቱ እኩል ጥፋተኞች አንደኛው በማግስቱ ሥራው ላይ ተገኝቷል፣ በእንፋሎትም ሙሉ ነበር። ሌላዋ ቤት ናት። የሰባት ዓመት ልጇን ጸጉር የምሠራው እኔ ሆኛለሁ፤ አንዱ ሹሩባ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል፣ የክፍል ጓደኞቿ አንቴና ይሏታል። እትዬ አጠገባችን ተቀምጣ በግራ እጇ አየር ላይ ታሳየኛለች፤ አንዳንዴ ቀኟንም ታነሳለች፣ ከዚያ ትመልሰዋለች። ይህን የምጽፈው ላሳዝንዎት አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች መጎዳታቸውን ቀድመው እንዳጻፉ አውቃለሁ።

ሰባተኛና የመጨረሻው ምስጋና የውሳኔዎን ፍሬ ይመለከታል። የጫነዎት መኪና የግቢውን በር ሳያልፍ ቴክኒሻኑ ቁልፉን ይዞ መጣና አጥሩን ፈታው። አሁን ከቦይለሩ ጀርባ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ምሳችንንም ሰቅለንበታል። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ስላልደረቀ በመጀመሪያው ቀን የሁላችንም ፌስታል አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ሠራተኛው በሙሉ የእርስዎን ዓይነት መስመር ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ምስክር ግን ከመካከላችን አልተገኘም፤ ሁሉም ሥራ ያለው ሰው ነው፣ ሥራውንም ይፈልገዋል። እኔም እስከ ዛሬ እፈልገው ነበር።

በእትዬ ቦታ ማሽኑ ላይ የቆመችው ሙሽሪት ናት። በጉባኤው ላይ ያሳየችው የትብብር መንፈስ ታይቶ ነው የተመደበችው ብለውናል፤ ሲናገሩ አልሳቁም። በመጀመሪያው ቀን የጋብቻ ቀለበቷን እንድታወልቅ ታዘዘች፤ ምክንያቱም ብረቱን ይጭረዋል። ለብረቱ የተጨነቀ ሰው በመኖሩ ሁላችንም ተጽናንተናል። ቀለበቱን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ ማሽኑ ላይ ስታጎነብስ ወደፊት እየወጣ ይወዛወዛል፣ እሷም በእጇ ትመልሰዋለች፣ እኔም ከጠረጴዛዬ ሆኜ ያንን እጅ አያለሁ። ክዳኑ በወረደ ቁጥር እድፉን ትቼ ቀና እላለሁ። እንዲህ ሆኖ የሚሠራ ሥራ ምን ያህል እንደሚያልቅ ሥራ አስኪያጁ ቢጠይቁኝ መልሱ ይኸው ነው።

ውሳኔዎ ይግባኝ የለውም፤ ይህን ፈርመንበታል፣ ስለዚህ ለእትዬ ይግባኝ አልልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ይህንንም ያለ ሽሙጥ ነው የምለምንዎ። ሳይነግሩን ይምጡ። መኪና አይላክልዎ፤ በእግርዎ፣ በታክሲ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይምጡ። በምሳ ሰዓት ገብተው ፌስታሎቻችን የተሰቀሉበትን ይመልከቱ፤ ከዚያ ማሽኑ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ በዚያው ዓይንዎ ይመልከቱ። ሙሽሪት ገና አሥር ጣት አላት፣ ክቡር ሆይ። አሥሩም በየቦታቸው ናቸው። እርስዎ ዘንድ ለመቅረብ ግን አንድ ሰው የግድ ከዚያ አንሶ መምጣት አለበት ተብሎ የሚታመን ከሆነ፣ ይህንኑ በግልጽ ይንገሩንና ቢያንስ የትኛውን ጣት እንደምትሰጥ ራሷ ትምረጥ።

ይህ ደብዳቤ በወጣ ማግስት እኔም መሰናበቴ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ ጉዳዬን ሌላ ሰው እንዳያይብኝ፣ እርስዎ ራስዎ እንዲያዩልኝ ከአሁኑ አመለክታለሁ። ጋዋኑ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ይጠብቅዎታል።

ለነጻነትዎ ጥላ በያዙት፣ ለሚዛንዎ ጠረጴዛ በገፉት፣ ለጋዋንዎ ስም በጠለፉት ባልደረቦቼ ሁሉ ስም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ በተለይም ጥሩ የዓይን ሐኪም የምመኝልዎ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
የእድፍ ማስለቀቂያው ጠረጴዛ ሠራተኛ፣
በዚህ ደብዳቤ መድረስ የቀድሞ ሠራተኛ

ከደብዳቤው የተረፈ፦ ሸሚዝዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኮልዎታል። በነጻ፣ አስቸኳይ ተብሎ ወደ እኔ የመጣው በዚያኑ ቀን ስለነበር ቀለሙን ለማስለቀቅ በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ኮሌታውን፣ ብብቱን፣ ደረቱን አጥቤዋለሁ፣ መስመሩን ግን አልነካሁትም። እድፍ እያየሁ ልብስ ስመልስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዳኛ ምስክር መሆን አይችልም፤ ሸሚዝ ግን ዳኛ አይደለም። ሳይተኮስ ስለላክሁትም ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አጥር በሌለበት ማሽን ላይ ሙሽሪትን በእርስዎ እጅጌ ምክንያት እንድታጎነብስ ማድረግ አልሆንልህ ብሎኝ ነው። ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ሸሚዝዎ በእሷ እጅ አልፎ ሲመጣ ኮሌታው ላይ ቀይ ነገር ቢያገኙበት አይደንግጡ፤ ቀለም አይደለም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። የእህቴን ሽርጥ ያጠብኩት እኔ ነኝ።